ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚሠራው ካታሊስት

ራሳችንን ሲያመን የምንውጠው ፓራሲታሞል በፋብሪካ ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱ የሚጀምረው ናይትሮ ከሚባል ውህድ ነው። ከውህዱ ላይ ሁለት ኦክስጅኖች ተነቅለው በምትካቸው ሃይድሮጅን ሲገባ አሚን ይሆናል። ብዙ ማቅለሚያዎችና ፀረ ተባዮችም ሲሠሩ ይህን ደረጃ ያልፋሉ።

የሃይድሮጅን ጋዝ ግን ብቻውን ይህን አያደርግም። ሁለቱ አተሞቹ አጥብቀው ስለተያያዙ የሚያላቅቃቸው ይፈልጋሉ፤ ሥራውን አፋጥኖ ራሱ የማያልቀው ይህ አላቃቂ ካታሊስት ይባላል። ፈረንሳዊው ፖል ሳባቲዬ ኒኬል ለዚህ እንደሚበጅ አሳይቶ እ.ኤ.አ. በ1912 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ዛሬም የሚሠራበት ራኒ ኒኬል ደርቆ አየር ካገኘው በራሱ ስለሚቀጣጠል ውሃ ውስጥ ይቀመጣል። ፓላዲየም ከዚህ ይሻላል፤ ነገር ግን ውድ ነው፣ አብዛኛውም ከሩሲያና ከደቡብ አፍሪካ ይመጣል።

በባልቲክ ባሕር ዳር በምትገኘው የጀርመን ከተማ ሮስቶክ የላይብኒዝ የካታሊስት ምርምር ተቋም አለ። የማቲያስ ቤለር የምርምር ቡድን እዚያ ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2017 ሌላ አማራጭ አሳተመ። መነሻው ካይቲን ነው፤ የሽሪምፕና የሸርጣን ቅርፊት ከሚሠራባቸው ነገሮች አንዱ። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ6 እስከ 8 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ እንዲህ ያለ ቅርፊት እንደሚጣል ይገመታል። ካይቲኑ ወይም ከእሱ የሚገኘው ካይቶሳን ከኮባልት ጨው ጋር ይዋሃዳል፣ ይደርቃል፣ ከዚያም ኦክስጅን በሌለበት ምድጃ በ700 ዲግሪ አካባቢ ይከሰላል። የሚወጣው ጥቁር ዱቄት ነው።

ለምን ቅርፊት? ስኳርም ሆነ እንጨት ይከሰላል። ልዩነቱ ናይትሮጅን ላይ ነው። በስኳር ውስጥ ናይትሮጅን የለም፣ በእንጨትም ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው፤ የካይቲን ሰንሰለት ግን በየቀለበቱ አንድ አንድ ናይትሮጅን ይዟል። ሲከሰል ከፊሉ ከሰሉ ውስጥ ይቀርና ደቃቅ የኮባልት ቅንጣቶችን እንዳይሸሹና እንዳይጓጎሉ ይዞ ያቆያል። ሌላ ኬሚስት በገንዘብ ገዝቶ የሚጨምረውን ናይትሮጅን ሽሪምፑ በሕይወት ሳለ አስገብቶታል ማለት ነው። የዚህ ሥራ ብልሃት፣ በእኔ እይታ፣ እዚህ ላይ ነው፤ ቆሻሻ መጠቀሙ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስገረመኝ።

ሌላም ጥቅም አለው። በአንድ ሞለኪውል ላይ ከናይትሮው ጋር ክሎሪን ወይም ድርብ ትስስር ሲኖር ፓላዲየም ብዙ ጊዜ ሁሉንም ይነካካል። ይህ ኮባልት ግን ናይትሮውን ለውጦ ሌላውን እንዳለ መተው ይችላል። መድኃኒት ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

«አረንጓዴ» የሚለውን ቃል ግን ቶሎ አንለጥፍበት። ናይትሮውን የመለወጡ ሥራ ከ100 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከፍተኛ ግፊት ይጠይቃል። ካይቲንን ወደ ካይቶሳን መለወጥ ብዙ ኮስቲክ ሶዳ ይፈጃል፤ ካይቲኑን እንዳለ ማክሰል የተሻለ የሚሆነውም ለዚህ ነው። ኮባልቱ ደግሞ በአብዛኛው የሚወጣው ከኮንጎ ማዕድን ማውጫዎች ነው። ከቆሻሻ የተገኘው ተሸካሚው ከሰል እንጂ ኮባልቱ አይደለም። የቤለር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ ሥራ ርካሹ ብረት ሊሠራው እንደሚችል አሳይቷል፤ ቅርፊቱ እውነተኛ ዋጋውን የሚያገኘው ከብረት ጋር ሲጣመር ይመስለኛል።