ሒሳብንና ኮምፒዩተርን አጣምሮ ለመማር ምን ዓይነት ዝግጅት ያስፈልጋል?

በጣቢያም ሆነ እንደ ዋራበሌ ባሉ የከተማው ሰፈሮች የሚኖሩ፣ 12ኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ወይም ለማጠናቀቅ የተቃረቡ ብዙ ወጣቶቻችን “ኮምፒዩተር መማር እፈልጋለሁ” ሲሉ ይሰማል። ምኞቱ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በኮምፒዩተር መጻፍና የኮምፒዩተር ሳይንስን በዩኒቨርሲቲ መማር የተለያዩ ናቸው። የሁለተኛው መሠረት ሒሳብ ነው።

ሁለቱን አጣምሮ የሚያስተምረው የትምህርት ዘርፍ ስሌታዊ ሒሳብ ይባላል። ይኸውም አንድን ጥያቄ ማሽን ሊከተላቸው በሚችሉ ደረጃዎች ከፋፍሎ መፍታት ሲሆን፣ ደረጃዎቹ በአንድነት አልጎሪዝም ይባላሉ። ነገሩ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ባሕረ ሐሳብን እንውሰድ። የ2017 ዓ.ም. አበቅቴን ለማግኘት በ2017 ላይ 5500 ይደመርና 7517 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል። ከ12 አንድ ሲቀነስ 11 ይቀራል፤ ይህም ወንበር ይባላል። 11 በ11 ተባዝቶ የሚገኘው 121 ለ30 ሲካፈል 1 ይተርፋል። አበቅቴው 1 ነው ማለት ነው። ዓመቱ ቢለወጥም ደረጃዎቹ አይለወጡም። ለ19 ተካፍሎ ምንም ካልተረፈ ግን ወንበሩ 18 ይሆናል። እንዲህ ያለውን ልዩ ሁኔታ አስቀድሞ ማሰብ የፕሮግራም ጸሐፊ ዋና ሥራ ነው።

በዩኒቨርሲቲ የሚሰጡት ትምህርቶች እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። በመጀመሪያ ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ሎጂክና የፕሮግራም አጻጻፍ መግቢያ ይሰጣሉ። ቀጥሎ ፕሮባቢሊቲ፣ ዲፈረንሻል ኢኩዌሽን፣ የመረጃ አደረጃጀትና ግምታዊ ስሌት ይመጣሉ። በመጨረሻም የአልጎሪዝም ጥናትና የመመረቂያ ሥራ ይኖራል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ዓመት ሒሳብ ያልያዘ ተማሪ በሁለተኛው ዓመት መቸገሩ አይቀርም።

ጊዜውንም ማወቅ ይጠቅማል። በፈረንሳይ ሥርዓት ሊሳንስ የሚባለው ዲግሪ 3 ዓመት ማለትም 6 ሴሚስተር ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2006 የተቋቋመው የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ በዋናነት የሚያስተምረው በፈረንሳይኛ ነው። በአማርኛና በእንግሊዝኛ ለተማርነው ትልቁ መሰናክል ቋንቋው ስለሆነ፣ ፈረንሳይኛን ከማመልከቻው በፊት መጀመር ያሻል።

የገንዘቡን ጉዳይ በተመለከተ፣ ዳፊ የሚባል የነፃ ትምህርት ዕድል አለ። በራሱም ስደተኛ በነበረው በአልበርት አንስታይን ስም የተሰየመ ሲሆን፣ ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጀርመን መንግሥት ድጋፍ በተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን በኩል ይሰጣል። ቦታው ጥቂት፣ ውድድሩም ብርቱ ስለሆነ በዓመቱ ማመልከቻ መኖር አለመኖሩን ከጽሕፈት ቤቱ ቀርቦ መጠየቅ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ወጣቶች ከአሁኑ ልታደርጉ የምትችሉት የሚከተለው ነው፦

1ኛ/ ከባድ ነው ብላችሁ ሒሳብን አትተዉ፤ ሴት ልጆችንም አታስተዉ።
2ኛ/ የትምህርት ማስረጃችሁንና የስደተኛነት ወረቀታችሁን ቅጂ አስቀምጡ። ስማችሁ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት መጻፉን አረጋግጡ።
3ኛ/ በየቀኑ አንድ ሰዓት ለፈረንሳይኛ መድቡ።
4ኛ/ ኮምፒዩተር ባይኖራችሁም አልጎሪዝምን በወረቀት ጽፋችሁ ደረጃ በደረጃ ፈትኑት።

ዕድሉ ሲመጣ ለዝግጅት የሚሰጠው ጊዜ አጭር ነው። “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” እንደሚባለው እንዳይሆን መቀነታችንን ከወዲሁ እናጥብቅ።