ትንሽ ባሕር በመቄት ደጋ ላይ

ባለፈው ጥር ለዕረፍት ወደ ፍላቂት ሄጄ በአያቴ ቤት መደብ ላይ የመስተዋት ገንዳ አስቀምጬ ጨውና ውኃ ስበጠብጥ ያየኝ ጎረቤት ሁሉ አዘነልኝ፤ ትምህርቱ አናቱ ላይ ወጣበት ያለም ነበረ። አያቴም ጥቂት ቆመው ተመለከቱና፥ «ጨው ለከብቱ ሲያንስ አንተ ለውኃ ታበላዋለህ?» አሉኝ። ያን ዕለት የሚረባ መልስ አልሰጠኋቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ኮራልና የባሕር ዓሣ አኑረው የሚንከባከቡ ሰዎችን በፊልም ካየሁ ጀምሮ ልቤ እዚያው ቀርቷል። ይሁን እንጂ ሕይወት ያለው ፍጥረት ከሩቅ አገር አስመጥቶ እጅ ላይ መግደል ነውር ስለ ሆነ፥ አስቀድሜ ያለ ምንም እንስሳ ልሞክረው ብዬ አሰብሁ። 60 ሊትር ውኃ የሚይዝ ገንዳ፥ ማሞቂያ፥ ትንሽ ፓምፕና የሙቀት መለኪያ ይዤ ሄድሁ። የገንዳው ክብደት ከነድንጋዩ ወደ አንድ ኩንታል ሊጠጋ ስለሚችል ደካማ ጠረጴዛ አይችለውም፤ የጭቃ መደብ ግን፥ ልኩ በውኃ ልክ ከተስተካከለ፥ በከተማ ከሚሸጠው ማስቀመጫ ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እነሆ ከዚያ ሙከራና ከንባብ ያገኘሁትን ለእናንተ ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ኮራል ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ብዙ ሰው ድንጋይ ወይም ተክል ይመስለዋል፤ እርሱ ግን እንስሳ ነው። አፍና በአፉ ዙሪያ የሚወዛወዙ ቀጫጭን እጆች ያሏቸው ጥቃቅን ፍጥረቶች ተያይዘው በማኅበር ይኖራሉ። ብዙዎቹ ከባሕሩ ውኃ ካልሲየም እየወሰዱ ከበታቻቸው የኖራ ድንጋይ ይሠራሉ፤ ይህም በብዙ ሺሕ ዓመት ሲከማች መርከብ የሚሰብር ዐለት ይሆናል። ደግሞም በሥጋቸው ውስጥ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ተጠልለዋል። አልጌዎቹ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠሩና ለባለቤቱ ያካፍላሉ። ውኃው ከለመዱት የበጋ ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል አልፎ ለሳምንታት ከቆየ ግን ኮራሉ አልጌውን ያስወጣና ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ቶሎ ካልተመለሰለትም በረኃብ ይሞታል። እንዲህ ያለው ጉዳት በዓለም ባሕሮች ሁሉ መታየቱ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. ለአራተኛ ጊዜ ተነግሯል። እንግዲህ በባሕር ውስጥ አንድ ዲግሪ ይህን ያህል የሚያደርስ ከሆነ፥ ሌሊቱ በሚያንቀጠቅጠው በመቄት ደጋ ላይ የተቀመጠ ገንዳ ምን ሊሆን ነው?

ከሙቀቱ በፊት ግን የጨውን ነገር ልጨርስ፤ የአያቴም ጥያቄ በእርሱ ላይ ነበረና። የባሕር ውኃ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይዟል። ቀይ ባሕር ሙቀቱ ብርቱ፥ ዝናሙ ጥቂት በመሆኑ እስከ 40 ግራም ይደርሳል። ስለዚህ ለ60 ሊትር 2 ኪሎ ከ100 ግራም የገበያ ጨው መዝኜ ጨመርሁ። በሃይድሮሜትር ስለካው ቁጥሩ ልክ መጣ፤ እኔም ባሕር ሠራሁ ብዬ ደስ አለኝ። ይህ ስሕተት ነበረ። ሃይድሮሜትር ውኃው ምን ያህል እንደ ከበደ ይናገራል እንጂ በውስጡ ምን እንዳለ አይናገርም።

ይህን ለመረዳት ወደ አፋር ወረድ ማለት ያስፈልጋል። አባቶቻችን እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት የነበረው አሞሌ ከደንከል ዝቅተኛ ሜዳ ተቆርጦ፥ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፥ በሰቆጣ ገበያ በኩል ወደ ደጋው ይወጣ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ያ ሜዳ ዛሬ ከባሕር ጠለል 120 ሜትር ያህል በታች የሚገኝ ሲሆን፥ ከመቶ ሺሕ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ቀይ ባሕር ገብቶበት ነበር። ምስክሩም በሜዳው ዳርና ዳር እስከ ዛሬ ደርቆ የሚታየው የኮራል ዐለት ነው። ኢትዮጵያ የባሕር በሯን ካጣች ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ኮራል የሌላት የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ የሞተውንስ የሚያህል አላት። በኋላ መግቢያው ተዘጋ፥ ውኃውም በፀሐይ ተነነ። የባሕር ውኃ ሲተን ታዲያ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ አይረጋም። አስቀድሞ ኖራው ይወርዳል፤ ቀጥሎ ጄሶው፤ ከዚያ በኋላ ወጥ የምናጣፍጥበት ሶዲየም ክሎራይድ ይረጋል፤ የማግኒዥየምና የፖታሲየም ጨዎች ግን እስከ መጨረሻው ከጥቂቱ ውኃ ጋር ይቆያሉ። ስለዚህ አሞሌው የባሕር ልጅ ቢሆንም የባሕሩን ሀብት ሁሉ አልወረሰም። ካልሲየሙ ከእርሱ በፊት ወርዷል፥ ማግኒዥየሙ ከእርሱ በኋላ ቀርቷል።

በትክክለኛው የባሕር ውኃ ውስጥ በኪሎ ግራም ከ1.2 ግራም በላይ ማግኒዥየም፥ 0.4 ግራም ያህል ካልሲየም፥ ወደ 2.7 ግራም የሚጠጋ ሰልፌት፥ ደግሞም ውኃው እንዳይኮመጥጥ የሚከላከል ባይካርቦኔት አለ። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከካልሲየሙና ከባይካርቦኔቱ ስለ ሆነ፥ በእኔ የወጥ ጨው ውስጥ ቢገባ ቤት ሊሠራ መጥቶ አሸዋ ብቻ እንደ ቀረበለት ግንበኛ ይሆን ነበር። ለዚህ ሥራ ተብሎ በፋብሪካ የሚቀመም የባሕር ጨው አለ፤ እርጥበት ስለሚይዝ ለአንድ ሊትር እንደየዓይነቱ ከ36 እስከ 40 ግራም ይገባበታል። ዋጋው ከወጥ ጨው ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ነገር ግን መተኪያ የለውም።

ጨው የሚገባበት ውኃም ንጹሕ መሆን አለበት። የምንጭ ውኃ ለእኛ ጤና ቢሆንም ከድንጋዩ ያመጣው ሲሊካና ሌላ ማዕድን በገንዳው ቡናማና አረንጓዴ ሽበት ያበቅላል። «የክረምት ዝናም ሞልቶ ሳለ!» የሚል አንባቢ ይኖራል። ልክ ነው፤ ግን ከቆርቆሮ ጣራ የወረደውን አትንኩ። ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ለሰው የማይታወቅ ጥቂት ዚንክ ወይም መዳብ ኮራልንና የባሕር ሽሪምፕን ይፈጃል። ንጹሕ ላስቲክ በሜዳ ላይ ወጥሮ፥ የመጀመሪያው ዝናም አየሩን ካጠበ በኋላ የሚወርደውን መቀበል ይሻላል። መበጥበጫውም የፕላስቲክ ባልዲ ይሁን፤ የመዳብና የናስ ዕቃ አይጠጋ።

አሁን ስለ ትነት። ጥር በፍላቂት ደረቅ ወር ነው፤ ገንዳውም ወደ 25 ዲግሪ ስለሚሞቅ ውኃው እንደ እንፋሎት ይወጣል። በ12 ቀን 6 ሊትር ያህል ጎደለብኝ። ውኃው ሲሄድ ጨው አብሮ አይሄድምና፥ 35 የነበረው ወደ 39 ወጣ። እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ፤ የጎደለውን በጨው ውኃ ይሞላል። እንዲህ ካደረገ በወሩ ገንዳው ደንከል ይሆናል! የሚጨመረው ጨው የሌለበት ንጹሕ ውኃ ነው፤ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት፥ በመስተዋቱ ላይ በተሰመረ ምልክት ልክ። ከዚህ ሌላ በየሳምንቱ ከገንዳው አንድ አሥረኛውን፥ ማለት 6 ሊትር፥ ቀድቶ በአዲስ የተዘጋጀ የባሕር ውኃ መለወጥ ይገባል፤ ይህ ከትነቱ ጋር እንዳይምታታባችሁ።

ወደ ብርዱ እንመለስ። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ከምሽቱ 12 ሰዓት 25 ዲግሪ የነበረው ውኃ ሲነጋ 17 ሆኖ አገኘሁት፤ ኮራል ቢኖርበት ኖሮ ምናልባት የዚያን ቀን ቀብር ነበር። በሚቀጥለው ምሽት ሆን ብዬ ማሞቂያውን ነቅዬ ገንዳውን በሁለት ጋቢ ጠቀለልሁት፤ 20 ላይ አደረ። ጋቢ መልካም ነው፥ መድኃኒት ግን አይደለም። ለ60 ሊትር በእንዲህ ያለ ቤት ሁለት ባለ 100 ዋት ማሞቂያ ያስፈልጋል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲደርስ፥ አንዱ ሳይጠፋ ቢቀርም ብቻውን ውኃውን እንዳይቀቅለው።

መብራት ሲጠፋ ከብርዱ ይልቅ ቀድሞ የሚገድለው የአየር እጦት ነው። በ2700 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው 72 በመቶ ገደማ ነው። ባቄላ በደጋ ብዙ እንጨት የሚፈጀውም ውኃው 91 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ነው። በዚሁ ምክንያት በ25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውኃ በጠረፍ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ፥ በእኛ ደጋ 4.8 ያህል ብቻ ይይዛል። ስለዚህ መጻሕፍት የሚያዝዙት የዓሣ ቁጥር ለእኛ አይሠራም፤ በ60 ሊትር ሁለት ትንንሽ ዓሣ ይበቃል፥ ፓምፑም የውኃውን ፊት ሳያቋርጥ ማናወጥ አለበት። ፓምፑ ሲቆምስ? አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት በፈረንጆች በ1846 ኮራሎችን ወደ ለንደን ወስዳ ለዓመታት አኑራለች፤ ኤሌክትሪክም ፓምፕም አልነበራትም። የቤት ሠራተኛዋ በተከፈተ መስኮት አጠገብ ቆማ ውኃውን በየቀኑ ከዕቃ ወደ ዕቃ ትገለብጥ ነበር። እኛም ጣሳ አናጣም፤ ቀድቶ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ ነው፥ ክንድ እስኪዝል ድረስ። በእንዲህ ያለ ሰዓት ለዓሣው ምግብ አይሰጥም።

ስለ ቤቱ አየርም አንድ ቃል። የምጣድ ጢስና የከሰል ጋዝ ውኃው ውስጥ ገብቶ ያኮመጥጠዋል። ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው የቁንጫና የዝንብ መግደያ ነው፤ ቁንጫን የሚገድል መርዝ የሥጋ ዘመዷን ሽሪምፕን አይምራትም። ገንዳ ያለበት ክፍል ውስጥ በጭራሽ አይረጭ።

ገንዳው ተሞልቶ፥ ሞቆ፥ መብራቱ በርቶ ሳለ ገና ምንም አይገባበትም። የእንስሳ ቆሻሻና የተረፈ ምግብ ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል፤ አሞኒያም መርዝ ነው። አንድ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፥ ሌላው ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጣል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በአሸዋውና ቀዳዳ በበዛበት ድንጋይ ላይ እስኪራቡ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋል። ጥቂት የዓሣ ምግብ ጥሎ፥ በመመርመሪያ ፈሳሽ እየለኩ፥ አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ እስኪሆኑ መጠበቅ ነው። ጠላም ሳይፈላ አይጠጣ። የእኔ ዕረፍት ሁለት ሳምንት ስለ ነበረ ይህን በዓይኔ አላየሁም።

በፈረንጆች በ1961 ሊ ቺን ኤንግ የተባለ የጃካርታ ሰው፥ ከባሕር ሕይወት ያለበትን ድንጋይ አምጥቶ በአየር አረፋና በፀሐይ ብርሃን ብቻ ኮራል እንዳኖረ ጽፎ ዓለምን አስደንቋል። ያን አንብቦ መሣሪያ ሁሉ ከንቱ ነው የሚል ተማሪ አውቃለሁ። ሊ ግን ባሕሩ ከደጁ ነበር፤ አገሩም ቀንና ሌሊት ሙቅ ነው። የእኛ ደጋ ፀሐይ በመስኮት ቢገባ ቀን ገንዳውን ያነድደዋል፥ ሌሊት ግን አያሞቀውም። ለእኛ በቀን ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት የሚበራ የኤል ኢ ዲ መብራት ይሻላል።

ገንዳው ከበሰለ በኋላ የሚጀመረው ድንጋይ በማይሠሩ ለስላሳ ኮራሎች ነው፤ የሙቀትና የማዕድን መዛነፍን ይታገሣሉ። ዞአንተስ የሚባሉት እንደ አበባ የሚፈኩት ያምራሉ፥ ነገር ግን ከእነርሱ አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ብርቱ መርዝ አላቸው። በቆሰለ እጅ አይነኩ፤ እነርሱ ያሉበት ድንጋይም ለማጽዳት ተብሎ ፈጽሞ አይቀቀል፥ እንፋሎቱ ቤተ ሰብ ሙሉ አሳምሞ ያውቃልና። ዓሣውም በሰው ቤት የተፈለፈለ ይሁን። ድንጋይ ሠሪዎቹ ኮራሎች በዓለም አቀፉ የሳይቴስ ውል የተጠበቁ ናቸው፤ ኢትዮጵያም የውሉ አባል ስለ ሆነች ያለ ፈቃድ በሻንጣ ይዞ መግባት ወንጀል ነው።

ፍርዴን ለሚጠይቀኝ፦ መብራት በሳምንት ሁለት ጊዜ በሚጠፋበት ቤት፥ ሌሊቱን ሙሉ የሚያሠራ ባትሪ ሳይኖር፥ ኮራል ወደ ፍላቂት አላመጣም። በአዲስ አበባ ግን ከባትሪ ጋር ከጓደኞቼ አንዱ ቢጀምር ውኃ በመለወጥ እረዳዋለሁ።

የቀረውን 54 ሊትር ልደፋው ስል አያቴ ከለከሉኝ። እህል የሚሰጣበትን ላስቲክ በደጅ ዘርግተው፥ ጠርዙን ዙሪያውን በድንጋይ ከፍ አድርገው፥ ውኃውን አስገለበጡኝ። በሦስተኛው ቀን ነጭ ቅርፊት ሆኖ ተገኘ፤ ጠርገን ብንመዝነው ሁለት ኪሎ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። በማግሥቱ ከብቶቹ ላሱት።