ገበሬው ጥር ላይ ሸጦ ነሐሴ ላይ ለምን በውድ ይገዛል? የገጠር ከተማ ገበያ ከውስጥ ሲታይ

ማክሰኝት፣ ሐሙሲት፣ አርብ ገበያ፣ ሰንበቴ።

አራቱም የከተማ ስም ናቸው። ማክሰኝት ጎንደር አጠገብ ናት። ሐሙሲት ከባሕር ዳር ወደ ወረታ ስትሄዱ መንገድ ላይ ትገኛለች። አርብ ገበያ ታች ጋይንት ነው። ሰንበቴ ደግሞ ከሸዋ ሮቢት ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ ላይ። አሁን ስሞቹን ቀስ ብላችሁ ደግማችሁ አንብቧቸው፦ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ አርብ፣ ሰንበት። ሰው ቦታውን በገበያ ቀኑ ሲጠራው ቆይቶ ስም ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ይህን ያነሳነው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። ከእናንተ ውስጥ ብዙዎቻችሁ ቤተሰባችሁ ያለው እንዲህ አይነት ከተማ አካባቢ ነው። እናንተ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳ ወይ ዱባይ ሆናችሁ ስትደውሉ "ዛሬ ገበያ ወጥቼ ነበር" ትባላላችሁ። ጥር ላይ "ጤፉን ሸጥነው" ይባላል። ነሐሴ ላይ ደግሞ "ትንሽ ብር ብትልክልን፣ እህል ልንገዛ ነው" ይመጣል። እንዴ! የራሳችሁን ጤፍ ሸጣችሁ መልሳችሁ ትገዛላችሁ? ብሎ ያልገረመው ልጅ ያለ አይመስለኝም። ዛሬ የምናየው ይሄንን ነው።

መጀመሪያ ስለ ቀኑ። ትንሽ ከተማ ሰባቱንም ቀን ሙሉ ገበያ ማቆም አትችልም፤ ገዢም ሻጭም አይበቃትም። ስለዚህ አቅራቢያ ያሉ ከተሞች ሳምንቱን ይከፋፈሉታል። አንዷ ሰኞ፣ ጎረቤቷ ሮብ፣ ሌላዋ ቅዳሜ። ልብስ፣ ጨው፣ ባትሪና ፕላስቲክ ጫማ የሚሸጠው ነጋዴ እቃውን አይሱዙ ላይ ጭኖ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። ገበሬው ደግሞ አህያውን ጭኖ ሁለት ሦስት ሰዓት በእግሩ የሚመጣው ገዢ እንደማያጣ እርግጠኛ በሆነበት ቀን ብቻ ነው። ባቲ ሰኞ ነው፤ የአፋር አርብቶ አደር ግመልና ፍየል ይዞ ከቆላ ይወጣል፣ ደገኛው እህሉን ይዞ ይወርዳል፣ እዚያ ይገናኛሉ። ላሊበላ ቅዳሜ ነው። ደቡብ ኦሞ ቀይ አፈር ሐሙስ።

እንዲህ አይነት ከተማ በሌላ ቀን ብትገቡ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ናት። በገበያ ቀን ግን ወፍጮ ቤቱ ሰልፍ፣ ባንኩ ሰልፍ፣ ጤና ጣቢያው ሰልፍ ነው (ሰው ለመታከምም ገበያ ቀን ይጠብቃላ፣ ሁለት ጊዜ ማን ይመላለሳል?)። እቁብ የሚጣለው፣ የእድር መልእክት የሚተላለፈው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ የድንበር ጠብ የሚያየው፣ ለቅሶ ያልደረሰ ዘመድ ወሬውን የሚሰማው በዚያው ቀን ነው። "የእገሌ ልጅ አደገች እኮ" የሚባለውም እዚያው። ፌስቡክ ሳይመጣ የነበረ ታይምላይን በሉት።

አሁን ወደ ጥር እንምጣ።

በአብዛኛው ደጋና ወይና ደጋ ዋናው ሰብል የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ተወቅቶ ጎተራ እስኪገባ ጥር ይደርሳል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? የሚከፈለው ነገር ሁሉ አብሮ የሚመጣውም ያኔ ነው። የመሬት ግብር አለ። የጤና መድን መዋጮ አለ። የተበደረ ይመልሳል። ሠርጉ ጥር ነው፤ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ማለቅ አለበት። የሱቁ ደብተርም አለ። ክረምቱን ሙሉ በዱቤ የተወሰደው ዘይት፣ ሳሙናና ስኳር "እህል ሲደርስ" ተብሎ ነው የተጻፈው። እህሉ ደረሰ። ባለሱቁ ደግሞ አይረሳም።

ታዲያ በዚያ ወር የአንድ ቤት ጆንያ ብቻ አይደለም ወደ ገበያ የሚወጣው፤ የወረዳው ሰው ሁሉ ነው። ገበያው በእህል ይሞላል፣ ገዢው ያማርጣል፣ ዋጋው ይወርዳል። ይሄ እንዲሆን ማንም ክፉ መሆን የለበትም።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ተገላቢጦሽ ነው። ጎተራው ተሟጧል፣ አዲሱ ሰብል ገና ማሳ ላይ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ መኪና እንደልቡ አይገባም። ጥር ላይ ሻጭ የነበረው ሰው አሁን ገዢ ሆኖ ይመጣል። "እህል ሲወደድ ገበሬው ይጠቀማል" የሚለው ወሬ ላይ የሚሳተው ነገር እዚህ ጋ ነው። ትርፍ ምርት ኖሮት እስከ ክረምት ማቆየት የቻለ ገበሬ፣ አዎ ይጠቀማል። ትንሽ መሬት ያለው ግን የሚሸጠው ተርፎት አይደለም፤ ብር ስለሚያስፈልገው ነው። ውድነቱ እሱንም እንደ ከተሜው ነው የሚመታው።

በቁጥር እንየው። የዛሬ ዋጋ አይደለም፣ ለስሌት እንዲመች ብቻ የወሰድነው ነው። ኩንታሉ ጥር ላይ 10,000 ብር፣ ነሐሴ ላይ 12,500 ብር ይሁን። አንድ ቤተሰብ 3 ኩንታል ሸጦ 30,000 ብር አገኘ፣ እዳውንም ከፈለ። ነሐሴ ላይ ያንኑ 3 ኩንታል መልሶ ለመግዛት 37,500 ብር ያስፈልገዋል። ልዩነቱ 7,500 ብር ነው። ይሄ ምንን ይመስላል? 30,000 ብር ለሰባት ወር ተበድሮ 25 በመቶ ወለድ መክፈልን። በቤቱ ውስጥ ግን ማንም "ብድር ወሰድን" ያለ የለም። "እህል ሸጥን፣ እህል ገዛን" ነው የሚባለው።

ለዚህ ነው ብር የምትልኩበት ወር ከምትልኩት መጠን ያላነሰ ለውጥ የሚያመጣው። በዚሁ ስሌት ነሐሴ ላይ የላካችሁት 30,000 ብር የሚገዛው 2 ኩንታል ከ40 ኪሎ ነው። ያንኑ ብር ጥር ላይ ብትልኩት፣ እዳው ተከፍሎበት 3 ኩንታሉ ሳይሸጥ ጎተራ ውስጥ ይቀራል። እርግጥ ይሄ ዋስትና የለውም። ዋጋው እንደተጠበቀው የማይጨምርበት ዓመት አለ። ደግሞ እንነጋገር ከተባለ፣ ጥር ላይ የተላከ ብር ሠርግ ላይ ሊያልቅ ይችላል። "ይሄ ለግብሩና ለሱቁ እዳ ነው፣ ጤፉን አትንኩት" ብሎ በግልጽ መነጋገር ይሻላል። እናት ወይም አባት ላይ ትእዛዝ እንዳይመስል አነጋገሩን ማሳመር የእናንተ ስራ ነው።

እህል ማቆየት ራሱ እንደ እህሉ አይነት ይለያያል። ጤፍ እድለኛ ነው፤ ፍሬው በጣም ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፣ በደንብ ከደረቀ ጎተራ ውስጥ ዓመታት ይቆያል። በቆሎና ማሽላ ግን በወራት ውስጥ ይነቅዛሉ። በቆሎ ያለው ገበሬ ቶሎ የሚሸጠው ለእዳው ብቻ ሳይሆን ነቀዙን ፈርቶም ነው። አየር የማያስገቡ ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢቶች አሉ፤ በደንብ ደርቆ የገባ እህል በጥብቅ ሲታሰር ውስጡ ያለው ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል፣ መድኃኒት አያስፈልግም። ከተራ ጆንያ ይወደዳሉ። ቢሆንም ለበቆሎ አካባቢ ቤተሰብ ከምትልኩት ስጦታ ውስጥ ከነጠላ ጫማ ይልቅ ይሄኛው ይጠቅማል ባይ ነኝ።

እሺ፣ በገበያው ቀን ዋጋውን የሚቆርጠው ማን ነው?

ጠዋት ሰብሳቢ ነጋዴው አዲስ አበባ መርካቶ እህል በረንዳ ይደውላል፣ ወይም ዋናው ገዢ ራሱ ይደውልለታል። የዛሬን ዋጋ ይሰማል። ከዚያ ወደ ኋላ ይቀንሳል፦ የመኪና፣ የጫኝና አውራጅ፣ የጆንያ፣ የደላላ፣ የራሱ ትርፍ። የቀረው ለገበሬው የሚነገረው ዋጋ ነው። ገበሬው እስከ ገበያው እንዳይደርስ መንገድ ላይ ጠብቆ የሚገዛም አለ። "እዚያ ብትሄድ ዛሬ ገዢ የለም" ይለዋል። ሦስት ሰዓት የተጓዘ ሰው፣ የደከመች አህያ ይዞ፣ ይሄን ሲሰማ ምን ያደርጋል?

በ2000 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዋጋን በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ክፍለ ሀገር ድረስ ማሳየት ጀምሮ ነበር። ነገር ግን ዋናው ስራው ቡናና ሰሊጥን በመሰሉ ምርቶች ላይ ነው። ጤፍ የሚሸጥ ገበሬ አሁንም ዋጋ የሚሰማው ከሰው ነው። ያ ሰው እናንተ መሆን ትችላላችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ ከገበያው ቀን በፊት ባለው ምሽት ዋጋ ጠይቃችሁ ደውሉ። የከተማው ሱቅ ዋጋ ግን አይደለም የሚያስፈልገው፤ በጅምላ የሚሸጥበትን ጠይቁ። የችርቻሮውን ከነገራችኋቸው ያልተገኘ ዋጋ ጠብቀው ጆንያውን መልሰው ይጭኑታል፣ ጥፋቱም የእናንተ ይሆናል።

ስለ ደላላ አንድ ነገር ልበል። ሁሉም ያማዋል፣ እኔም አምቼዋለሁ። ግን ከብት ገበያ ውስጥ በሬው የማን እንደሆነና ከየት እንደመጣ የሚያውቀው፣ ነገ ባለቤት ነኝ የሚል ሰው ቢመጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። ችግሩ ከሁለቱም ወገን ተከፍሎት ለአንዱ ብቻ ሲሰራ ነው።

ከዋጋው እኩል ደግሞ ልኩ አለ። ዋጋ ላይ አንድ ሰዓት የተከራከረ ሰው ሚዛኑን ዞር ብሎ አያየውም! 100 ኪሎ ላይ 3 ኪሎ የሚበላ ሚዛን፣ ኩንታሉ 10,000 ከሆነ፣ 300 ብር ይወስዳል። ማጣሪያው ቀላል ነው፦ ክብደቱ የታወቀ ነገር መጀመሪያ ማስቀመጥ። ያልተከፈተ የ50 ኪሎ ማዳበሪያ ከተገኘ በጣም ጥሩ። ካልተገኘ ስድስት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ከ12 ኪሎ በታች ሊያሳይ አይችልም። በቁናና በጣሳ ሲሆን ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው። የገዢው ቁና ሰፊ፣ የሻጩ ጠባብ ይሆናል። አንዱ ከምሮ ይሰፍራል፣ ሌላው አፉ ላይ በእጁ ጠርጎ ያስተካክላል። ከዚያ "መርቂልኝ እንጂ እናቴ" ይመጣል፣ አንድ እፍኝ ይጨመራል። ለደንበኛ ምራቂ መከልከል ነውር ነው። ያቺ እፍኝ ዝም ብላ ቸርነት አይደለችም፤ የሚቀጥለው ሳምንት ደንበኛ እንዳይጠፋ የሚከፈል ነው።

የእናቶች ገበያ ከእህሉ ይለያል። እንቁላል፣ ቅቤ፣ ዶሮ፣ ጌሾ ትንሽ በትንሽ ይሸጣል፣ ብሩም በዚያው ቀን ወደ ቡና፣ ጨውና ሳሙና ይቀየራል። የዚህ ገበያ ዋጋ የሚሄደው በጾም ነው። የ55 ቀኑ ዐቢይ ጾም ሲገባ ክርስቲያኑ በሚበዛበት አካባቢ እንቁላልና ቅቤ ፈላጊ ያጣሉ፣ ሽሮና ምስር ይወደዳሉ። ለፋሲካ ዋዜማ ዶሮ ይዛ የወጣች እናት ግን ዋጋ ጠሪዋ ራሷ ናት፤ ያን ቀን ማንም አይከራከራትም።

ስልኩስ? ቴሌብር ከመጣ ከ2013 ወዲህ ከብትና እህል ገበያ ውስጥም "በስልክ ልላክልህ" መባል ተለምዷል። ብር ይዞ በጨለማ ከመሄድ ይሻላል፤ ሐሰተኛ ኖት ከመቀበልም እንዲሁ። ግን አዲስ ማጭበርበር ይዞ መጥቷል፦ "ይኸው ገብቶልሃል" ብሎ የተቀናበረ መልእክት ወይም የስክሪን ፎቶ ማሳየት። አባታችሁ ማንበብ ካስቸገራቸው ደግሞ የባሰ ነው። የሚታመነው የራስ ሂሳብ ላይ ያለው ቀሪ ብር ብቻ ነው። ኔትወርክ ከሌለ በሬው ከእጅ አይወጣም፣ ገመዱ አይለቀቅም። ገዢው ቢቆጣም ይቆጣ። ባንክ ቅርብ ከሆነ አብሮ ሄዶ እዚያው መቀባበል ነው፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ምን ይደረግ።

በእናንተ አካባቢ የገበያው ቀን መቼ ነው? ባለፈው ገበያ ጤፍ በጅምላ ስንት ገባ? የወረዳውን ስም ጨምራችሁ ጻፉልን፤ አጠገባችሁ ላለ ሌላ ሰው ቤተሰብ ይጠቅማል።