በነሱ ክረምት፣ በኛ በጋ፦ የሁለት ሳምንቱ ዕረፍት ለማን ይዋል?



ታኅሣሥ ሲጋመስ በአውሮፓና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ይዘጋሉ። ዕረፍቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት እምብዛም አይበልጥም። እዚያ ብርዱ የበረታበት፣ ቀኑ ያጠረበት ክረምት ነው፤ እኛ ዘንድ ግን ሰማዩ ጠርቶ አዝመራ የሚሰበሰብበት በጋ ነው። ጎዳናውና መደብሩ በሌላ እምነት በዓል ሲደምቅ፣ በዚያ የሚኖሩ ሙስሊም ወላጆች "ልጆቻችንን ይዘን ወዴት እንሂድ?" ማለታቸው የተለመደ ሆኗል። ከፊሉ ለዑምራ ይነሳል፤ ከፊሉ ወደ ዱባይ ለመዝናናት ይሄዳል፤ ከፊሉም ወደ አገር ቤት ይመጣል።

የኛ ጥያቄ መሄድ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል አይደለም። ጉዞው ለምን? ለማንስ? የሚል ነው።

አንዲት ሌሊት በደሴ

ከምናውቃቸው ቤተሰቦች አንዱ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአውሮፓ ሦስት ልጆቹን ይዞ መጣ። ሦስት ቀን በዱባይ፣ ዘጠኝ ቀን በአዲስ አበባ ሆቴልና ሰርግ ቤት አለፈ። ደሴ ለሚኖሩት አያት የተረፈው አንዲት ሌሊት ብቻ ሆነ። እሳቸው ግን ሳምንቱን ሙሉ ቤቱን ሲያስቀቡ፣ ፍራሽ ሲያዘጋጁ፣ ድፎ ዳቦ ሲያስጋግሩ ሰንብተዋል።

ማታ አቦሉ ሲቀርብ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አልነቀለም። አያቱ የሚሉት አይገባውም፤ እሱ የሚለውም አይገባቸውም። በመጨረሻ "ፋቲሐ ትችላለህ፣ የኔ ልጅ?" አሉት። "ፋቲሐ" የምትለዋን ቃል ሲሰማ ስልኩን አስቀምጦ ቀራ። "አሚን" ሲሉ እንባቸው ወረደ። ሱረቱል ኢኽላስን እሳቸው ጀመሩለት፣ እሱ ጨረሰው። ያን ማታ አያትና የልጅ ልጅ የተግባቡት በቁርአን ነበር።

ጠዋት መኪናው ደጅ ቆሞ ሲጠብቅ ልጁ "አንድ ቀን እንጨምር" ብሎ ለመነ። የአይሮፕላኑ ትኬት ግን ተቆርጧል። "ለከርሞ ኢንሻአላህ" ተባብለው ተለያዩ። ከርሞ የመጡት ለተዕዚያ ነበር። አላህ ይርሐማቸው። አባትየው እስከ ዛሬ የሚቆጨው ትኬቱን ለመቀየር የሚጠየቀውን ገንዘብ አስቦ "አይሆንም" ማለቱ ነው።

ጉዞ በኒያው ይለካል

ኢስላም ጉዞን አይጠላም። ቁርአን በምድር ላይ ተጉዘን የቀደምት ሕዝቦችን ፍፃሜ እንድናስተውል ደጋግሞ ያሳስበናል። ኢብኑ በጡጣ እ.ኤ.አ. በ1325 ከጠንጃ ለሐጅ ሲነሳ የ21 ዓመት ወጣት ነበር፤ ጉዞው ወደ ሠላሳ ዓመት ቆየ። ማልኮም ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1964 ሐጅ አድርጎ ሲመለስ ስለ ነጭና ጥቁር ያለው አመለካከት ተለውጦ ነበር። ሁለቱንም ከቤታቸው ያስወጣቸው የሐጅ ኒያ ነው።

ከሌላው በዓል ለመሸሽ ብቻ የሚደረግ ጉዞ ግን ችግሩን ለጥቂት ቀናት ከማዘግየት አያልፍም። ልጁ ማንነቱን ካላወቀ፣ ዕረፍቱ ሲያልቅ ወደዚያው ክፍል፣ ወደዚያው ጥያቄ ይመለሳል። ማን እንደሆነ፣ ከማን እንደተወለደ አውቆ ከተመለሰ ግን መልስ ይዞ ይገባል። ሲለቱ ረሒም ደግሞ ጊዜ ሲተርፍ የሚደረግ ሳይሆን ግዴታችን ነው።

ሐጅ እንኳ ግዴታ የሆነው በቻለ ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ለዕረፍት ተብሎ ዓመት ሙሉ የሚከፈል ዕዳ መግባት ተገቢ አይደለም። ያልቻለ ቤተሰብ ባለበት ሆኖ በየጁሙዓው ለአያት ይደውል፤ ልጆቹ የሐፈዙትን በስልክ ያሰሙ። በዚህም የአላህ ምንዳ አይቀርበትም።

መሄድ ለቻሉ

አንደኛ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ለዘመድ እንስጥ። ገበያና ሆቴሉ ከተረፈው ቀን ይድረሳቸው።

ሁለተኛ፣ መምህራን እንደመሆናችን የምናሳስበው አለ። በዚያ ወቅት የኛ ትምህርት ቤቶች ክፍት ናቸው፤ የአጎትና የአክስት ልጆች ክፍል ውስጥ ናቸው። ለእንግዳ ተብሎ ከትምህርት አይቅሩ። እንግዳውም ዕረፍቱን ከተፈቀደው አያስረዝም። በእንግሊዝ ልጁን ያለ ፈቃድ ከትምህርት ያስቀረ ወላጅ የገንዘብ ቅጣት ሊጣልበት ይችላል።

ሦስተኛ፣ ታሪክ እናሳያቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሐረር ጀጎል 82 መስጊዶች ሲኖሩት፣ ሦስቱ ከአሥረኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆዩ ናቸው። የሰሓቦች የመጀመሪያው ሂጅራ እ.ኤ.አ. በ615 ወደ ምድራችን መሆኑን፣ በትግራይ የሚገኘው የነጃሺ መስጊድም እ.ኤ.አ. በ2020 በጦርነቱ ጉዳት እንደደረሰበት ይወቁ። ከመነሳታችን በፊት ግን መንገዱ ሰላም መሆኑን እንጠይቅ።

አራተኛ፣ ሶላትን በጉዞ ላይ እናስተምራቸው። ዙህር፣ ዐስርና ዒሻ ወደ ሁለት ረከዓ ያጥራሉ፤ መግሪብና ሱብሒ አይነኩም። በሻፊዒይ መዝሀብ፣ የደረስንበትንና የምንነሳበትን ቀን ሳይጨምር አራት ቀን ለመቆየት የነየተ ሰው ሶላቱን ይሞላል፤ በሐነፊይ ዘንድ ወሰኑ አሥራ አምስት ቀን ነው። ስለዚህ አያት ዘንድ ሳምንት የሚቆይ ቤተሰብ አስቀድሞ ዑለማ ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2030 በዲሴምበር መጨረሻ ገደማ ረመዷን ራሱ በዚሁ ዕረፍት ላይ ይገባል፤ ከአያት ጋር ለማፍጠር ከወዲሁ የሚያስብ ብልህ ነው።

የተቀባዩም ድርሻ

እኛስ? እንግዳው ገና ሻንጣውን ሳይፈታ "ምን አመጣህልኝ?" እንላለን። ልጁ አማርኛ ሲሰብር ተሰብስበን እንስቃለን፤ ከዚያ በኋላ አፉን ባይከፍት ማን ይፈርድበታል? ከአቅም በላይ ተበድረን በግ አርደን፣ እነሱ ሲሄዱ ዕዳውን እንቆጥራለን። እንግዳን ማክበር የነቢያት ፈለግ ነው፤ ሆኖም ያ ልጅ በደሴ የፈለገው በግ አልነበረም። አንድ ቀን ነበር።

አላህ (ሱ.ወ) ወላጆቻችን በሕይወት ሳሉ የምንዘይራቸው፣ ያለፉትንም በዱዓ የማንረሳ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።