ሽንኩርት የሌለበት የቋንጣ ማባያ

በእኛ አገር ምግብ የሚጀመረው ከሽንኩርት ነው። ምን እንደምትሠራ ገና ያልወሰነች እናት እንኳ እጇ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሽንኩርቱ ዘንቢል ነው። ልጣ፣ ከትፋ፣ ማቁላላት ከጀመረች በኋላ ነው «ምስር ይሁን ሥጋ?» የሚለው ሐሳብ የሚመጣው። ለዶሮ ወጥማ፣ ለአንድ ዶሮ ሁለትና ሦስት ኪሎ የሚያቁላሉ ቤቶች አሉ። ስለዚህ አንድ ሰው «ሽንኩርት አይስማማኝም» ሲል የሚቀርበት አንድ አትክልት ብቻ አይደለም። ቀይ ወጡ፣ አልጫው፣ ጥብሱ፣ ሽሮውና ምስሩ ሁሉ አብረው ይቀሩበታል።

እናቴ ከእነዚህ ሰዎች አንዷ ናት። ሰባ አራት ዓመቷ ነው። የምትኖረው እኔ በተወለድኩባት በአማኑኤል ነው። ለማታውቋት፣ አማኑኤል የማቻከል ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደንበጫ ሲጓዙ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እናቴ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ወጥ በበላች ቁጥር ሆዷን ይነፋታል፣ ይቆርጣታል፣ ሌሊቱን ሳትተኛ ታድራለች። ብዙ ከተመላለሰችና ሌላ ሕመም እንደሌለባት በምርመራ ከታወቀ በኋላ፣ ሐኪሙ ቀይም ነጭም ሽንኩርት ለአንድ ወር ጨርሳ እንድትተው ነገራት። ተወች፤ ተሻላትም።

ሆዷ ሲሻላት ሌላ ችግር መጣ። በዓል ደርሶ ልጅና የልጅ ልጅ መሶቡን ከብበን ስንቀመጥ እሷ ዳር ሆና እንጀራዋን በአይብ ትነካካለች። «ለምን አትበዪም?» ስትባል «ኧረ እኔስ ጠግቤያለሁ፣ እናንተ ብሉ» ትላለች። ለሁላችንም ታጎርሳለች፤ እሷን ማጉረስ ግን አልተቻለም፤ ጉርሻው ውስጥ ሽንኩርት አለበታ። አንድ ትንሽ የልጅ ልጇ «እማማ፣ የኔን አትፈልጊውም?» ብሎ እጁን እንደዘረጋ ሲቀር አይቻለሁ። አረጋዊ ሰው ከማዕድ የሚርቀው እንዲህ በጥቂት በጥቂቱ ነው። መጀመሪያ ከወጡ ይርቃል፣ ቀጥሎ ከጨዋታው። እኔን ያሳሰበኝም ይኸው ነው።

ነገሩን ለመረዳት ትንሽ ማንበብ ነበረብኝ። ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት ፍሩክታን የሚባል የካርቦሃይድሬት ዓይነት አላቸው። የሰው አንጀት ይህን የሚሰባብር ኢንዛይም የለውም። ስለዚህ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያብላሉትና ጋዝ ይፈጠራል። ይህ በሁላችንም ሆድ ውስጥ የሚሆን ነው፤ አንጀቱ ቁጡ የሆነ ሰው ግን ሕመም ሆኖ ይሰማዋል። ሽንኩርቱን ከወጡ እየለቀሙ ማውጣት የማይጠቅመውም ፍሩክታን ውሃ ውስጥ ስለሚሟሟ ነው። ሽንኩርቱ ቢወጣም እሱ መረቁ ውስጥ ይቀራል። «እኔ እኮ ለቅሜላት ነው የሰጠኋት» የምትሉ ምራቶች፣ ይህን ልብ በሉልኝ። በነገራችን ላይ ይህ ከአለርጂ የተለየ ነው። ሽንኩርት ሲበላ ፊቱ የሚያብጥ ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው ካለ ጉዳዩ የወጥ ቤት ሳይሆን የሐኪም ነው።

የማባያው ሐሳብ የመጣው ከሩቅ ነው። አሜሪካ የሚኖር ዘመዳችን ለእረፍት መጥቶ «ቤከን ጃም» ስለሚባል ነገር አጫወተን። በጨውና በጭስ የተዘጋጀ የአሳማ ሥጋ ከስኳር፣ ከሆምጣጤና ከሽንኩርት ጋር ቀስ ብሎ ይበስልና እንደ ማርማላታ ሲወፍር ዳቦ ላይ ይቀባል። እናቴ አሳማ የሚለውን ስትሰማ አማተበች። በአብዛኛው የእኛ ቤት፣ ክርስቲያንም ሆነ ሙስሊም፣ የሚገባ ነገር አይደለም። እኔን ግን ዘዴው ሳበኝ። ጨው የጠገበ፣ የደረቀ፣ የምድጃ ጭስ የሸተተ ሥጋ እኛም አለን። ደቡብ አፍሪካውያን ቢልቶንግ፣ ቱርኮች ፓስቲርማ ይሉታል፤ እኛ ቋንጣ እንላለን። አባቶቻችን ከበሶና ከድርቆሽ ጋር ሰንቀውት አገር ያቋረጡበት ምግብ ነው። ሽንኩርቱን ማስቀረት ብቻ ነበር የቀረው፤ እሱ ደግሞ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም።

ምክንያቱም ሽንኩርት በእኛ ቤት ተደብቆ ይኖራል። አንዱ መደበቂያው በርበሬው ነው። ዛላው ተቀንጥሶ ሲደለዝ ከዝንጅብልና ከበሶብላው ጋር ነጭ ሽንኩርት፣ በብዙ ቤት ቀይ ሽንኩርትም አብሮ ይወቀጣል። ደርቆ ከተፈጨ በኋላ ማን ያየዋል? ሁለተኛው ንጥር ቅቤው ነው፤ ሲነጠር ሽንኩርት ጣል የማያደርግ ቤት ጥቂት ነው። ሦስተኛው ከገበያ የሚገዛው ቋንጣ ነው፤ የታሸበት በርበሬ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ሽሮውም እንዲሁ ነው፤ ምጥን ሽሮ ከሆነ ነጭ ሽንኩርት አለበት። «ምንም ሽንኩርት አልጨመርኩም» ተብሎ የተሠራ ምግብ ሆድ የሚያሳምመው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከድስቱ ሳይሆን ከጓዳው ነው።

በርበሬውን ለብቻ አዘጋጀሁ። ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም አካባቢ የሚመጣ ጥሩ ዛላ አለ። ሁለት ኪሎ ገዝቼ በዝንጅብልና በበሶብላ ብቻ ደለዝኩት፤ ካደረቅሁት በኋላ ኮረሪማ፣ ድንብላል፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙድ አምሼ ጨመርኩበት። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከእናንተ በፊት የማን በርበሬ እንደተፈጨ ጠይቁ፤ ወፍጮው ውስጥ የሚቀረው ትንሽ ነው፣ ግን የመጀመሪያውን አንድ ጣሳ ለሌላው ቤተሰብ ለይቶ ማስቀመጥ አይከፋም። ቅቤውን በኮረሪማ፣ በኮሰረት፣ በእርድና በጥቂት አብሽ አነጠርኩት። ያለ ሽንኩርት የተነጠረ ቅቤ ይጎድለዋል የሚል ካለ፣ ኮሰረቱን ሳይሰስት ጨምሮ ይሞክረው።

ቋንጣው ራሱ ሰዓቱን ይፈልጋል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። ክረምቱ ወጥቶ፣ ሰማዩ ጠርቶ፣ ደረቅ ብርድ ሲገባ ለሥጋም ለሰቀላውም ጥሩ ጊዜ ነው። ከጮቄ በኩል የሚወርደው ብርድ አማኑኤል ውስጥ ሰውን ያንዘፈዝፋል፤ ለቋንጣ ግን ከዚያ የተሻለ የለም። በሐምሌና በነሐሴ አትሞክሩት፤ ሥጋው ሳይደርቅ ይሸታል።

ሥጋው ቀይ ይሁን፤ ጮማው በደንብ ይለይ። ጨው ጮማውን አያድነውም፣ ሰንብቶ ይከረፋል። ከታላቅ ወይም ከሌላ ስብ ከሌለው ብልት አንድ ኪሎ ያህል በቀጭኑ ይዘልዘል፤ ከትንሿ ጣት አይወፍር። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬና ትንሽ ሚጥሚጣ አዳርሳችሁ እሹትና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ገመድ ላይ ስቀሉት። ዝልዝሉ እርስ በርሱ አይነካካ። እናቴ ቤት ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጭሱ ዝንብ ያባርራል፣ ሽታውንም ይሰጠዋል። አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖሩ በረንዳ ላይ በስስ ጨርቅ ወይም በወንፊት መረብ ሸፍናችሁ ማድረቅ ትችላላችሁ፤ ማታ ማታ አስገቡት። የጭሱን ነገር ካሰባችሁ ደግሞ አያቶቻችን ለወተት ቅል የሚያደርጉትን አድርጉ፤ የደረቀውን ቋንጣ የምታኖሩበትን ዕቃ በወይራ አጥኑት። እንደ አየሩ ከአምስት ቀን እስከ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሲታጠፍ ከተለመጠ አልደረቀም፤ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ከአንዱ ኪሎ የሚተርፈው ከሲሶው እምብዛም አይበልጥምና አትደንግጡ።

አሁን ወደ ድስቱ። ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ሦስት ሥራ ነው የሚሠራው። ያጣፍጣል፣ ወጡን ያወፍራል፣ በውሃው ደግሞ በርበሬው እንዳያር ይጠብቃል። እሱን ስናስወጣ ሦስቱንም ሥራ ለሌላ መስጠት አለብን፤ ይህ ካልታሰበበት የሚወጣው የመረረ ቀይ ዘይት ነው።

ሩብ ኪሎ ቋንጣ ሰብራችሁ ለብ ባለ ውሃ ሃያ ደቂቃ ዘፍዝፉ፤ ጨው የበዛበት ውሃ ይደፋል። ጨመቅ አድርጋችሁ በሙቀጫ ውቀጡት። እንደ ክር ይበጣጠስ እንጂ ዱቄት አይሁን። ድስቱ ውስጥ አንድ ብርጭቆ ውሃና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያንን ልዩ በርበሬ ጨምራችሁ በቀስታ እሳት አንተክትኩት፤ ውሃው ሲያልቅ በማንኪያ እያጠጣችሁ፣ እያማሰላችሁ፣ የጥሬነት ሽታው እስኪጠፋ ሃያ ደቂቃ ያህል ቆዩ። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ጣዕሙን አያገኘውም። ቀጥሎ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ፣ አውራ ጣት የምታህል የተከተከተች ዝንጅብልና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የአብሽ ዱቄት ጨምሩ። አብሹ ቀድሞ በውሃ ተዘፍዝፎ መራራው ውሃ የተደፋለት ይሁን፤ የሚያወፍረው እሱ ነው። ከዚያ ቋንጣውንና ሁለት ብርጭቆ ሙቅ ውሃ አስገቡና ከደን አድርጋችሁ አርባ ደቂቃ ያህል ይብሰል። ሥጋው ሲለሰልስ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳርና አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምሩ። ጣፋጩ ቀድሞ ከገባ ያራል፤ መጨረሻ ላይ ነው ቦታው። ማንኪያው ድስቱ ላይ ሲጎተት መንገዱ ሳይሞላ ትንሽ ሲቆይ፣ ቅቤውም ጠርዙ ላይ ሲታይ አውርዱት። በመጨረሻ ቁንዶ በርበሬና ኮረሪማ ነስነስ። ጨው አይጨመርም።

የጎጃምን ማር የሚያውቅ ሰው «ስኳር ለምን?» እንደሚል አውቃለሁ። ለጤነኛ ሆድ ማሩ ይሻላል፣ ጠረኑም ሌላ ነው። እንደ እናቴ ያለ ሆድ ግን ማር ውስጥ ያለው ፍሩክቶስም ሊከብደው ስለሚችል ለእሷ በስኳር ነው የምሠራው።

የመጀመሪያውን ድስት አማኑኤል ሄጄ ሠርቼ ለሁላችንም በአንድ ትሪ ቀረበ። የእሷ ተብሎ ለብቻ በሳህን አልተቀመጠም፤ ያን አልፈለግሁም። ለታመመ ሰው ለብቻው የሚቀርብ ምግብ መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ልጆቹ ትኩስ ዳቦ ላይ ቀቡት፣ ትልልቆቹ በእንጀራ ጠቀለልነው። እናቴ ቀምሳ «ይኼ ደግሞ የምን ጣፋጭ ነው፣ ወጥ ነው ማር?» አለች፤ ከዚያ ዝም ብላ በላች። ያ ትንሹ ልጅ እጁ ወደኋላ አልተመለሰም። ሌሊቱን ደህና አደረች። እኔ ግን አንድ ሌሊት ማስረጃ አይሆንም ብዬ ሳምንቱን ሙሉ እየደወልኩ ጠየቅኋት፤ ደህና ነበረች።

አንዳንድ ነገር ልንገራችሁ። ደረቅ ቋንጣ ወራት ይቆያል፤ አንዴ ውሃ ከነካውና ከበሰለ በኋላ ግን ቋንጣ መሆኑ ቀርቶ ተራ የሥጋ ወጥ ሆኗል። ንጹሕ ብልቃጥ ውስጥ ሆኖ በማቀዝቀዣ አንድ ሳምንት፣ ማቀዝቀዣ ከሌለ በዕለቱ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ሥሩ። መድረቅ ብቻውን ምግብን አያበስልም፤ ኮሶን መፍራት ያለ ነውና በደንብ ይብሰል። የደም ግፊት ያለባቸው አባቶችና እናቶች ደግሞ ቢዘፈዘፍም ጨው የበዛበት መሆኑን ይወቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ጨው ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ማንኪያ ማባያ ለአንድ ማዕድ ይበቃል። በማር ከሠራችሁት ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥምና አታቅምሱት፤ ገና ማኘክ ለሚማሩ ሕፃናትም የሥጋው ክር ሊያንቃቸው ይችላል።

ረቡዕና ዓርብ ምን ትበላለች የሚል ጥያቄ ከጎረቤት ተነሥቶ ነበር። ለዚያስ አዲስ ነገር መፍጠር አላስፈለገም። የሱፍ ፍትፍትና የተልባ ፍትፍት ያለ ሽንኩርት የሚያምርባቸው የድሮ ምግቦች ናቸው፤ እናቴም ሱፏን ወቅጣ፣ አጥልላ፣ በቃሪያ ራሷ ትሠራዋለች፣ ማንም እንዲያግዛት አትፈልግም።