ከኮሪያ ኮረብታ እስከ ከረን መንገድ፦ ጄኔራል ተሾመ እርገቱ



ስለ ቃኘው ሻለቃ ብዙ ተብሏል፤ ስለ አዛዡ ግን እምብዛም። ኮሪያ ሲነሳ ድሉን እንቆጥራለን፣ ሰንደቅ ዓላማውን እናነሳለን፤ የመጀመሪያውን ሻለቃ እየመሩ የዘመቱትን ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱን ግን ስማቸውን ብቻ ጠርተን እናልፋለን። ለምን ቢሉ፣ አንዱ ምክንያት አሟሟታቸው ይመስለኛል። ኮሪያ ላይ ወድቀው ቢሆን ኖሮ አበባ ለማኖር ማንም ባላመነታ ነበር። የሞቱት ግን ኤርትራ ውስጥ፣ በከረን መንገድ ላይ ነው።

እስቲ ከመነሻው እንጀምር። (ዘመኑ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ሰኔ 1942 ዓ.ም. ሰሜን ኮሪያ ደቡቡን በወረረች ጊዜ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጦር ለመላክ ብዙ አላቅማሙም። በሰኔ 1928 ጄኔቭ ላይ ቆመው የመንግሥታቱን ማኅበር ሲማጸኑ ዓለም ጆሮ ዳባ ልበስ ያላቸው ንጉሥ፣ «የጋራ ጸጥታ» የሚለው ቃል ለእሳቸው ባዶ ቃል አልነበረም። ጦሩ በዋናነት ከክቡር ዘበኛ ተመለመለ፤ የዘበኛው አዛዥ ሙሉጌታ ቡሊ በማሠልጠኑ ደከሙበት። ስሙም ከንጉሡ አባት ከራስ መኰንን የፈረስ ስም፣ ከ«አባ ቃኘው» ተወሰደ። ጠቅላላ የዘመቻውን ኃላፊነት ኮሎኔል ከበደ ገብሬ ያዙ፤ ሻለቃውን በውጊያ የሚመሩት ተሾመ እርገቱ ሆኑ።

ከ1 ሺህ 1 መቶ በላይ ሰው በባቡር ጅቡቲ ወርዶ ሚያዝያ 8 ቀን 1943 በአሜሪካኖቹ መርከብ በ«ጄኔራል ማክሬ» ተሳፈረ። ሚያዝያ ሳያልቅ ፑሳን ደረሰ። እዚያም አዲስ መሣሪያ፣ አዲስ ሥልጠና ጠበቀው። ከዚያም በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ተመደበ።

የአንድ ሻለቃ አዛዥ ሥራ ምን እንደሆነ ቆም ብለን እናስብ። ትእዛዙ ከላይ በእንግሊዝኛ ይመጣል፤ ወደ ታች በአማርኛ ይወርዳል። መድፉ የሌላ አገር ነው፤ አውሮፕላኑም እንዲሁ። የመድፍ ድጋፍ ጠርቶ ቦታውን በአንድ አኃዝ የተሳሳተ መኮንን የገዛ ወታደሮቹን ያስመታል። ካርታው ላይ ኮረብቶቹ ስም የላቸውም፤ በሜትር ከፍታቸው ነው የሚጠሩት። የመጀመሪያው ፍልሚያ በነሐሴ 1943 ሆነ። ቀጥሎ በመስከረም 1944 በሳምህዮን ሸለቆ በኩል ኮረብታ 602ን የማጥቃት ግዳጅ ለቃኘው ተሰጠ። ሽቅብ ነው፤ ጠላት ከላይ ምሽግ ቆፍሮ ይጠብቃል። ኮረብታው ተያዘ።

ይህ የተሾመ ሻለቃ ነው። እሱ ሲመለስ በአስፋው አንዳርጌ የሚመራው ሁለተኛው፣ ከዚያም በወልደ ዮሐንስ ሺታ የሚመራው ሦስተኛው ተተካ። በሦስቱ ዙር ቃኘው 253 ጊዜ ተዋጋ፤ ከ120 በላይ ሰው ሞተበት፤ 536 ቆሰለበት። አንድም ሰው አልተማረከበትም። የወደቁትም አጽማቸው አገሩ ገብቷል፤ ዛሬ ፑሳን ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ውስጥ የኢትዮጵያዊ መቃብር የለም።

እዚያው መካነ መቃብር ግን አንድ አውስትራሊያዊ የእግረኛ አዛዥ አርፏል፤ ሌተና ኮሎኔል ቻርልስ ግሪን። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግሪክና ኒው ጊኒ የተዋጋ፣ ገና በ25 ዓመቱ ሻለቃ የመራ ሰው ነው። በኮሪያ የአውስትራሊያን 3ኛ ሻለቃ እየመራ ወደ ሰሜን ገሠገሠ፤ ከጦርነቱ በኋላ ድንኳኑ ውስጥ አረፍ ባለበት የመድፍ ፍንጣሪ መታው፤ ጥቅምት 1943 በ30 ዓመቱ ሞተ። ባለቤቱ ኦልዊን ከአርባ ዓመት በላይ ቆይታ ስለ እሱ መጽሐፍ ጻፈች። ግሪን የሞተው በባዕድ አገር፣ በማያከራክር ጦርነት ነው። አውስትራሊያ ስለ እሱ የሚያጣላት ነገር የላትም።

የእኛዎቹስ? ታኅሣሥ 1953 መንግሥቱ ንዋይ ክቡር ዘበኛን ይዘው ሲነሱ፣ የኮሪያው አዛዥ ከበደ ገብሬ የምድር ጦሩን ይዘው ከንጉሡ ወገን ቆሙ። ኮሪያ ድረስ የዘመተ ዘበኛና የኮሪያ አዛዡ አዲስ አበባ መሐል ተታኮሱ ማለት ነው። ሙሉጌታ ቡሊም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከታገቱት ጋር ተገደሉ። ከበደ በ1954 እና በ1955 የተባበሩት መንግሥታት የኮንጎ ጦር ጠቅላይ አዛዥ ሆኑ፤ የካታንጋ መገንጠል ያከተመው በእሳቸው ዘመን ነው። በኋላ የመከላከያ ሚኒስትር ሆኑ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ግን ደርግ ያለ ፍርድ ከረሸናቸው ባለሥልጣናት አንዱ ነበሩ።

ተሾመ እርገቱ ከዚያ በፊት ሄደዋል። ጄኔራል ሆነው ኤርትራ የሰፈረውን 2ኛ ክፍለ ጦር ያዙ። የጦሩ መምሪያ አሥመራ ነው። በዚያች ከተማ የአሜሪካኖቹ የመገናኛ ጣቢያ ስሙ ምን ነበር? «ቃኘው»! የገዛ ሻለቃቸው ስም በባዕድ አጥር ላይ ተጽፎ ይታያል። ከ1953 መጨረሻ ጀምሮ ነፍጥ ያነሳው ጀብሃ በዚያን ጊዜ ቆላውን አዳርሶ ወደ ደጋው እየተጠጋ ነበር። ፌዴሬሽኑም ከፈረሰ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ኅዳር 1963 ጄኔራሉ በከረን መንገድ ሲጓዙ ጀብሃ ደፈጣ ጥሎ ገደላቸው።

እዚህ ላይ ብዕሩን ማጠፍ አይቻልም። በዚያው ወር በከረን አካባቢ ጦሩ መንደሮችን አጠፋ፤ ዖና በተባለችው መንደር በመቶ የሚቆጠር ሰላማዊ ሰው፣ ሴትና ሕፃን ሳይለይ አለቀ። ታኅሣሥ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ ታወጀ፤ ልዑል ራስ አሥራተ ካሳ ተነስተው ጄኔራል ደበበ ኃይለ ማርያም እንደራሴ ሆኑ። የሚያባብለው ፖለቲካ ተዘጋ፤ ቦታውን ጠመንጃ ያዘው። ለዖና ተጠያቂዎቹ ትእዛዙን የሰጡትና የፈጸሙት ናቸው፤ የሞተ ሰው አያዝም። የጄኔራሉ ስም ግን ከዚያ ቀን ጋር ተቆራኝቶ ቀረ።

ኦክላንድ፣ ቴሜስካል ሰፈር፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ የኢትዮጵያና የኤርትራ ምግብ ቤቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ። እንጀራው አንድ ነው፤ ቡናው አንድ ነው። የ1963ቱ ኅዳር ግን በአንዱ ጠረጴዛ የጀግና አዛዥ ሞት፣ በሌላው የዖና ወር ነው። ሁለቱም እውነት ነው። እኔ በበኩሌ ኮረብታ 602ን የዖና መካሻ ለማድረግ የሚሞክርም፣ በዖና ምክንያት ኮረብታውን የሚሰርዝም አይዋጥልኝም።

ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ፕሬዚዲዮ ውስጥ፣ ከ2008 ወዲህ የኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ ቆሟል። ቹንቾን ከተማ ደግሞ ጃንሆይ በ1960 በተገኙበት የተመረቀው የቃኘው ሐውልት አለ። በ1943 የ18 ዓመት ወታደር የነበረ ዛሬ ከ90 ዓመት አልፎታል። በኦክላንድም በሳን ሆሴም የቃኘው ልጆችና የልጅ ልጆች የሆናችሁ፣ አባት በሕይወት ካሉ ቴፑን ክፈቱና ጠይቋቸው፤ መርከቡ ላይ ምን በሉ? ትእዛዙን ማን ተረጎመላቸው? ተሾመ እርገቱ ወደ ኮረብታው ሊያወጧቸው ሲሉ ምን አሏቸው?