ስለ እርሻ ድጎማና ስለ እንጦጦ ባሕር ዛፍ

መንግሥት ለገበሬ የሚያደርገው ርዳታ እንደ ዝናብ ነው። ዝናብ በወቅቱ ካልወረደና የተጠማው ማሳ ላይ ካላረፈ ብዛቱ ብቻውን እህል አያበቅልም። ርዳታውም ሁልጊዜ በእጅ በሚቈጠር ብር ብቻ አይሰጥም፤ ግብርን መማር፥ ዋጋን መቀነስ፥ ችግኝን በርካሽ ማደል ሁሉ ድጎማ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ከየካ ሰፈሮች በላይ ያለው የእንጦጦ ተራራ ይገኛል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንጦጦ ወርደው አዲስ አበባን ከቈረቈሩ በኋላ በዙሪያው የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቈረጠ አለቀ። የእንጨቱም እጦት እጅግ ስለ በረታ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ይህን ችግር ያቃለለው ትውልዱ ከአውስትራሊያ የሆነውና በ1880ዎቹ ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ነው። መንግሥት ችግኙን በትንሽ ዋጋ አደለ፤ ዛፉ የተተከለበትንም መሬት ከግብር ነጻ አደረገ። ከዚህም የተነሣ ተካዩ በዛ፤ ከተማይቱም በስፍራዋ ጸናች። ኋላ ዛፉ ምንጭ ያደርቃል የሚል አቤቱታ ተነሥቶ፥ በ1905 ዓ.ም. አካባቢ ከሦስት እጅ ሁለቱ እጅ ተነቅሎ በሌላ ዛፍ እንዲተካ ቢታዘዝም ትእዛዙ አልተፈጸመም። ጥቅም የተከለውን ነገር አዋጅ ብቻውን አይነቅለውምና።

ከግብሩ ምሕረት የተጠቀመው ግን መሬት የነበረው ሰው ነው። መሬት የሌላቸው ሴቶች ከዚያ ጫካ ያገኙት ሸክሙን ነው። ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው ወደ ኮተቤና ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ቍልቍል ሲወርዱ ኖረዋል። በ1967 ዓ.ም. መሬት የመንግሥት ከሆነ በኋላም ጫካ ጠባቂው ሲመጣ የምትያዘው ያችው ሴት ነበረች።

ይህ ነገር ዛሬም ሊታሰብ ይገባል። በ2014 ዓ.ም. የማዳበሪያ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲንር መንግሥት 15 ቢሊዮን ብር ለድጎማ መደበ። ሥራው የሚመሰገን ነው። ሆኖም የዋጋ ድጎማ ጠባዩ እንደሚታወቀው፥ አራት ኩንታል የገዛ የአራት ኩንታል፥ ግማሽ ኩንታል የገዛ የግማሽ ኩንታል ያገኛል፤ መግዛት ያልቻለ ግን ምንም አያገኝም። ደግሞም በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ የአማራ ክልል ገበሬዎች ማዳበሪያው ዘገየብን ብለው አቤት እንዳሉ አይዘነጋም፤ የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ የሚመጣ ርዳታ ለባለዕዳ እንጂ ለአዝመራ አይሆንም።

በ1997 ዓ.ም. በገጠር፥ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው የሴፍቲኔት ሥራ ሌላ መንገድ ያሳያል። ክፍያው እንደ ማሳው ስፋት ሳይሆን እንደ ችግሩ ነው፤ ጉልበት ያለው ሠርቶ ይቀበላል፥ አቅመ ደካማውም ያለ ሥራ ይረዳል።

እንግዲህ ለድጎማ ብር የሚመድቡ ሹማምንት ሦስት ነገር ቢጠብቁ መልካም ነው። ርዳታው ከዝናብ አስቀድሞ ይድረስ። የተቀባዩ ስምና መጠኑ ጎረቤት ሁሉ በሚያነብበት በቀበሌው ደጅ ይለጠፍ። በእንጦጦም ጽድ፥ ወይራና ኮሶ ለመትከልና ለመንከባከብ ገንዘብ ሲከፈል፥ ዕድሜዋን ሙሉ የተራራውን እንጨት የተሸከመችው ሴት ከተቀባዮቹ ፊተኛ ትሁን። ተራራውን ከእርስዋ ይልቅ የሚያውቀው የለም፤ የቀን ምግብዋን ከጥበቃው ያገኘች እንደ ሆነም ዛፉን ከማንም ይልቅ ትጠብቀዋለች።